ቀጥቃጭ የሚሉት ስም

ወልዲያ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ፈረንጅ፣ መርሳ ከተማ ቆሞ የጎረቤቷን የውርጌሳን ዶሮዎች የሚቆጥር ረጅም ነበር። አንድ ቀን የቤተሰቡን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ «ስሚዝ»።

«አገሬ ሄዳችሁ ድንጋይ ብትወረውሩ የምትመቱት ስሚዝ ነው» አለን። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ በአማርኛ ጨመረ፤ «ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቅድመ አያቶቼ ማረሻ ይሠሩ ነበር።»

በእኛ ዘንድ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ቀድሜ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ምሳችሁን ደብቁ! ይኼ ሁሉ ቁመት በሽሮ የመጣ መሰላችሁ?»

ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። እሱም ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

መርሳ ያለው አባቴ ቀጥቃጭ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። የጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር ወልዲያ የገባሁት። ቢታወቅብኝ ማን ያከራየኛል? ማንስ አብሮኝ ይቆርሳል?

በሳምንቱ የአከራዬ ትንሽ ልጅ ሆዷን ይዛ ወደቀች፤ ትቃዥም ጀመር። ለዚህ መድኃኒቱ የበላትን ሰው የልብስ ቁራጭ አጭሶ ሕመምተኛዋን ማጠን ነው። እናትየው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የፈረንጁን ቡዳነት ያወቅህበት አንተ ነህ አሉ። ከልብሱ ቁረጥና አምጣልኝ።»

እምቢ ብል «ምንህ ነው የምትከላከልለት?» ሊሉኝ ነው። ትምህርት ቤት ብሄድ መምህሩ የለም፤ ሐራ ከተማ ወርዷል። አጥር ሥር ቆሜ የራሴን ኮት ጫፍ በምላጭ ቆረጥኩ። የፍም ብልጭታ ሲበሳሳው አባቴ በልኬ ያሰፋልኝ የእሱ ኮት ነበር። ‘ጭስ ምን ያመጣል?’ አልኩ በልቤ።

አጨሱላት። ልጅቱ አንዴ ጮኸች፤ ከዚያ ተነሥታ ቁጭ አለችና ቆሎ ጠየቀች።

በመምህሩ ልብስ ዳነች የሚለው ወሬ ከተማውን አዳረሰ። ለመምህሩ ወተት የሚሸጥለት ጠፋ፤ ልጆች ሲያዩት ይበተናሉ። አንድ ቀን ብቻዬን አግኝቶኝ «ለምንድን ነው የሚሸሹኝ?» አለኝ።

«ቁመትዎ ነው» አልኩት፤ «ያስፈራል።»

ትምህርቱ ሳይዘጋ አገሩ ገባ።

እኔ በቡዳ አላምንም፤ በጅብም ቢሆን ካልነከሰኝ አላምንም። ግን ልጅቱ የዳነችው በማን ልብስ ነው? ይኸው ጸጉሬ ሸበተ፤ ልጆቼ ሲበሉ ዛሬም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። «አባባ ምን ያያል?» ይላሉ።

«ቁመቴን እየለካሁ ነው» እላቸዋለሁ።