ሂልብሮው ላይ የተቀመጥነው ለቅሶ

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ መልስ በስደት በምኖርበት ኮዝሞ ሲቲ ካለው ሱቄ ጓሮ ተሰብስበን ምሳ እየበላን ነበር። ጎረቤቴ ባለሱቁ በረከት ስልኩን ከፍ አድርጎ አንድ ቪዲዮ አሰማን። ተናጋሪው ናዚዎች አይሁድን ጨረሱ የሚባለው ተረት ነው፣ ራሳቸው አይሁዶቹ ለጥቅማቸው የፈጠሩት ነው እያለ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል።

«እውነት ነው እንዴ እትዬ ማርታ?» አለኝ በረከት፣ ፓፑን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በጎመን እያጠቀሰ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ያገኘውን ሁሉ ለሰው ካላሰማ እንቅልፍ አይወስደውም እንጂ።

እኔ ደግሞ ተቆጪ ነኝ፤ እድሜ አላበረደኝም። «ዝጋው! ዝጋውና ቁጭ በል፤ የማውቀውን ልንገርህ» አልኩት። ያን ቀን ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ነገሩ ሲሆን ገና ወጣት ነበርኩ። ከሆሳዕና እስከ አህጉሩ ደቡብ ጫፍ ተሰድጄ፣ ሂልብሮው በሚባለው የከተማ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ከእትዬ ዘነበችና ከሌሎች የአገሬ ሰዎች ጋር አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፋፍለን እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብስ ተሸክመን በታክሲ ወደ ቴምቢሳ፣ ከከተማው ውጭ ወዳለው የጥቁሮች ሰፈር፣ እንሄዳለን፤ «ሳውቦና ማማ»፣ ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ እያልን በር ለበር እንዞራለን። ሰኔና ሐምሌ አገር ቤት ጭቃና ዝናብ ነው፤ እዚህ ግን ሣሩ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ የከሰሉ ጭስ ከቤቶቹ ላይ አይነሳም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ ግን ብርዱን እንወደው ነበር፣ ብርድ ልብስ የሚሸጠው በብርድ ነዋ!

ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ሚስስ ሊያ የሚባሉ አይሁዳዊት አሮጊት ነበሩ። ነጮቹ ሰፈሩን ጥለው ሲወጡ «የት ልሂድ?» ብለው የቀሩ ናቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስማችንን ይጠይቁናል። ማርታ፣ ያዕቆብ፣ ዳንኤል፣ ሳሙኤል ስንላቸው «ወይ ጉድ፣ ሁላችሁም የአጎቶቼ ልጆች ናችሁ!» ብለው ይስቁ ነበር።

በዚያ ክረምት የአባቴ መርዶ መጣ። ታላላቆቻችን በማለዳ ተሰብስበው አረዱኝ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ረፋዱ ላይ ሚስስ ሊያ የተቀቀለ እንቁላል በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ገቡ። እትዬ ዘነበች «ወንበር! ወንበር አምጡላቸው!» ብለው ጮኹ። ሴትየዋ ግን እንቢ አሉ፤ እያቃሰቱ መሬት ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ደግሞ አንድ ቃል የለም! «እግዜር ያጽናሽ» የለ፣ ምን የለ። ጆሯቸው የማይሰማ መስሎን ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ በእነሱ ወግ ሐዘንተኛው እስኪናገር ለቀስተኛው ዝም ይላል፤ ዝቅ ተብሎ ይቀመጣል፤ ለሐዘን ቤትም እንቁላል ይወሰዳል።

ሦስቱንም ቀን መጡ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ሙሾ አይወረድም ይላሉ መጋቢዎቻችን። ለእትዬ ዘነበች ግን ማን ይነግራቸዋል! አባቴን እያነሱ ሲያስለቅሱ ሚስስ ሊያ ወደኔ ጠጋ ብለው «ምን እያሉ ነው?» አሉኝ።

«አባቴ እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ ነው የሚናገሩት። ሳቁ ከማዶ ይሰማ እንደነበር፣ እንግዳ ሳይበላ እንደማይበላ።»

«ሳትቀብሪው ነው የምታለቅሽለት?»

«ቀባሪ አገር ቤት አለው። እዚህ ደግሞ አልቃሽ አለው።»

ከዚያ «ለኔዎቹ ማንም ለቅሶ አልተቀመጠላቸውም» አሉኝና ነገሩኝ። አገራቸው ሊትዌኒያ ነው። ልጅ ሳሉ ናዚዎች ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነው እናታቸውን፣ ወንድማቸውንና ትንሽ እህታቸውን ወደ ጫካ ወስደው ከሌሎቹ አይሁዶች ጋር ረሸኗቸው። እሳቸውን አንዲት ገበሬ ሴት ድንች በሚቀመጥበት ጉድጓድ ደብቃ አተረፈቻቸው። «በወጋችን ሰባት ቀን ተቀምጬ ማልቀስ ነበረብኝ። ግን ብጮህ ይሰሙኛል። አፌን በእጄ ይዤ ቀረሁ። አሁን በየዓመቱ ብቻዬን ሻማ አበራለሁ። እኔ ስሄድ ግን፣ ማርታ፣ እነዚያ ሰዎች ነበሩ የሚል ማን ይቀራል?»

ይህን ለእትዬ ዘነበች ስተረጉምላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ጎረቤት አይደሉም እንዴ! ንፍሮ ጣዱ!»

አብሮን የሚኖረው ያዕቆብ ግን ተነሳ። «አይሁድ ጌታን የሰቀሉ ናቸው። ለነሱ ለቅሶ አልቀመጥም» አለ።

ደሜ ፈላ። የአባቴ ሐዘን ላይ መሆኔን ረሳሁት። «እንግዲያው ስማቸውን መልስላቸዋ፣ ያዕቆብ! የምትዘምረው መዝሙረ ዳዊት የማን ነው? ጌታስ የማን ልጅ ነው? ሆሳዕና የተወለደ መሰለህ?» ሰው በለቅሶ ቤት ሳቀ። እሱ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ።

ያዕቆብን ብቻውን አልወቅሰውም። እኛ አገርስ ቤተ እስራኤሉን ቡዳ ነው፣ ይበላል፣ ማታ ጅብ ይሆናል እያልን አልነበረም? የሠራውን ማረሻ እየገዛን ከእሱ ጋር ማዕድ አንቆርስም። ጥላቻ ሩቅ አገር ብቻ የሚበቅል አይደለም፤ ከእናት ወተት ጋር እየጠጡት ማን ልብ ይለዋል?

በማግስቱ ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ይዘን ሚስስ ሊያ ቤት ወጣን። ምንጣፋቸው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለማልቀስ ተዘጋጁና ድንገት ተነጫነጩ። «ማንን ነው የማለቅሰው? የማላውቀውን ሰው እንዴት ላነሳው? ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? ጠይቂያቸው እንጂ!»

ጠየቅኋቸው። ሚስስ ሊያ ቀስ በቀስ ማስታወስ ጀመሩ። እናታቸው ፍሩማ፣ ገበያ ላይ ቁልፍ ትሸጥ ነበር፤ የልብስ ቁልፍ፣ የዛጎል፣ የእንጨት። ወንድማቸው ሌይብ በሰንበት ሳይቀር ስለሚያፏጭ ትልልቆቹ ይቆጡት ነበር። ትንሿ ጊትል ደግሞ ዝይ ትፈራለች፤ ዝይ ካየች የእህቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቅ ነበር።

እትዬ ዘነበች ይህን ነበር የሚፈልጉት። ግማሹን በሃዲይኛ ግማሹን በአማርኛ ጀመሩት። «ሌይብዬ፣ ቤቱን በፉጨት የሞላኸው፣ ማን ዝም አሰኘህ? ጊትልዬ፣ ዝይ የምትፈሪው፣ ጫካውን እንዴት ቻልሽው?» ሚስስ ሊያ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ስሞቹን ግን ሰሙ። ያኔ ጮኹ። አፋቸውን በእጃቸው አልያዙም። እኔም ለአባቴ ይሁን ለእነዚያ ልጆች ሳላውቅ አብሬ ጮህኩ።

በሩ ተከፈተ። ያዕቆብ ነው። ከታች ሆኖ ለቅሶውን ሰምቷል፤ ለቅሶ ሰምቶ መቅረት ደግሞ እናቱ አላስተማረችውም። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ስር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር፣ መቼም የማይበላሽበት ቀን አልነበረም፣ የሚስስ ሊያን ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ሆነ።

ሚስስ ሊያ ካረፉ ቆይተዋል። «ግድያ ሲጀመር ወሬ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር፤ በጥንት ጊዜ አይሁድ የጉድጓድ ውሃ መረዙ ተብሎ ነው የተነሱብን እያሉ። የአገሩ ሰዎች እኛን የስፓዛ፣ የሰፈር ትንንሽ ሱቅ፣ ነጋዴዎችን ሕፃናት መረዙ ብለው ሱቃችንን ሲሰብሩ ቃላቸው ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ሱቄ ውስጥ በአይሁድ ላይ ክፉ የሚያወራ ሰው ዳቦውን ሳይገዛ ይወጣል። ደንበኛም ቢሆን፣ ወንጌላዊም ቢሆን።

በረከት ይህን ሁሉ ሲሰማ ፓፑ ቀዘቀዘበት። ቪዲዮውን አጠፋውና «የትንሿ ስም ማን ነበር ያልሽኝ?» አለኝ።

«ጊትል። ዝይ ትፈራ ነበር።»

«ጊትል» አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ።

«ያ የቪዲዮው ሰውዬ ዳግመኛ ‘አልነበሩም’ ቢልህ» አልኩት፣ «እትዬ ማርታ ለቅሷቸውን ተቀምጣ ንፍሯቸውን በልታለች በለው። ላልነበረ ሰው ንፍሮ አይቀቀልም።»