የአባቴ ስም በሱንድቢበሪ

ሱንድቢበሪ ያለው ቤታችን በር ላይ፣ ከደብዳቤ ማስገቢያው ከፍ ብሎ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ከደብረ ብርሃን ርቆ አያውቅም ነበር። ስዊድን እንደገባሁ ቢሮ ውስጥ «ኤፍተርናምን» ብለው የቤተሰብ መጠሪያ ሲጠይቁኝ፣ ከስሜ ቀጥሎ ያለውን የእሱን ስም ሰጠሁ። ልጄ ስትወለድም ያንኑ መዘገቡላት። እንደ አገራችን ወግ በእኔ ስም መጠራት የነበረባት ልጅ የአያቷ ልጅ ሆና ቀረች። እኔም ሞኝ፣ ዝም አልኩ።

አንዳንድ እሑድ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ከኮሪደሩ ብቅ ይላል። ቤቱ በስሙ ነውና አያንኳኳም።

ልጄ ፍሌሚንግስቤሪ ባለው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች፤ ዘንድሮ እርጉዝ ናት። ባለፈው በፔንደልቶግ ባቡር አብረን ስንመለስ ስለ ጥንት ሮማውያን ስም አጫወተችኝ፣ ግማሹን በስዊድንኛ። ብዙው የዘር ስማቸው መነሻው እንደኛው የአንድ አባት ስም ነበር አለች። በኋላ ጭራ ተቀጠለለትና የወገን ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ለወንዱ አንድ ጭራ፣ ለሴቷ ሌላ። እህትማማቾች ሁሉ በዚያው በአንዱ ስም ስለሚጠሩ «ታላቂቱ»፣ «ታናሺቱ» እየተባሉ ይለዩ ነበር።

«አንተም እንደነሱ አደረግህ» አለችኝ እየሳቀች። «አያቴን የዘር አባት አደረግኸው።»

ባቡሩ ድልድዩ ላይ ደርሶ ነበር። ከታች ውሃው ጭጋግ ለብሶ ተኝቷል፤ እኔም ግማሽ ሕልም ውስጥ ነበርኩ። ከመቃብር በላይ ስም ይቀራል ይባላል፤ የእኔ ግን አብሮኝ ሊቀበር ነው። መፀነሷን ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ይህ ይቆረቁረኛል። ስሜን ያዢልኝ ብዬ ልለምናት ፈልጌ አፍሬአለሁ።

እሷ ቀደመችኝ። «አባዬ፣ ብላንኬት የሚሉትን ቅጽ ሞልቼ ወዳንተ ስም መቀየር እችላለሁ። የሚወለደውም ያንተን ይይዛል። ትፈልጋለህ?»

እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን አባቴን አልቀበርኩትም። ሲሞት እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነበር፤ መርዶውን በስልክ ሰማሁ እንጂ አፈር አላለበስኩትም። አሁን ደግሞ ስሙን ከልጅ ልጁ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

«የእሱ ይቆይ» አልኳት።

«ያንተስ?»

«እኔንማ አባዬ ካልሽኝ ይበቃኛል።»

ውሸቴን ነበር። እሷ ግን አመነችኝ።