ከዓይን የሸፈንኩት ዱባ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴን እትዬ ሙሉን እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው። በጄሪካን የተከልኩትን ዱባ ገልጠው፣ የተቀነጠሰ አበባ በእጃቸው ይዘዋል።

ማለቴ፣ ድሮም እጠረጥራቸው ነበር። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ በኮሪደሩ ባለፉ ቁጥር ዱባዬን አይተው "ሲያምር" ይላሉ።

ከዓይናቸው ብዬ በአሮጌ መጋረጃ ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ጥርጣሬዬ ባሰ።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው።

ምንም አልደነገጡም። "ይሄ ወንዱ ነው" ብለው የያዙትን አበባ አሳዩኝ። ቢጫ ብናኙን ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት ያላት ሌላ አበባ ውስጥ ቀስ አድርገው ቀቡ።

"ይህቺ ሴቷ ናት። ብናኙ ካልደረሳት ትረግፋለች። የሚያደርስላት ንብ ነበር፤ አንቺ ከእኔ ስትሸሽጊው ንቡንም ከለከልሽው።"

በቃ፣ መጋረጃውን አነሳሁ።

ግን ከእሳቸው እንደሸሸግኩት ማን ነገራቸው? የምናውቀው እኔና እህቴ ብቻ ነን። (እህቴ፣ ይሄን እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ።)

እናንተስ፣ ከሰው ዓይን ስትሸሽጉ በገዛ እጃችሁ ያበላሻችሁት ነገር የለም? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።