ግጥሙ ያላነሳቸው እናቶች

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር የእህቴ የትርሲት ድምፅ ይመጣብኛል። ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ታጠና ስለነበር፣ ክረምት ክረምት አንኮበር ስትመጣ የምትተነትነው ግጥም ይዛ ትመጣ ነበር። አንድ ዓመት ያመጣችው ስለ መነኮሳት ነበር።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበርና ግጥም ሲሰማ አያስችለውም፤ ጋቢውን ሰብስቦ ይቀመጥና ቋንቋውን ባያውቅም ቤት አመታቱን በጆሮው እየተከተለ ደጋግሞ ያስነብባት ነበር። እሷም ስንኙ መሀሉ ላይ እንደሚያርፍ፣ ዕረፍቱ የመነኮሳቱን ዝግ ያለ እርምጃ እንደሚመስል፣ ገጣሚው አንዳቸውንም በስም እንደማይጠራ ታስረዳው ነበር።

ታላቅ ወንድማችን ሳሙኤል በዚያው ዓመት በበጋ ቆላ ወርዶ መንኩሶ ነበር። በሕፃንነቱ ታሞ ሲድን አባቴ ለገዳም ተስሎት ነበር። እናቴ በሶ ቋጥራ ልትጠይቀው ብትሄድ፣ ሴት አይገባም ብለው ከበር መለሷት። በሶው ገባ፣ እሷ ቀረች።

አንድ ቀን እናቴ ከምድጃው አጠገብ የበግ ጠጉር እየፈተለች ንባቡን ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ስለ እናቶቻቸውስ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች።

ትርሲት ወረቀቷን አገላብጣ፣ «ምንም አይልም፣ እማዬ» አለቻት።

አባቴ፣ በቅኔ ከተባለው ይልቅ የተተወው ይበልጣል ብሎ ሊያስረዳት ጀመረ። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ «መሪጌታ፣ እርስዎም ልጄን ሲሰጡ እኔን ትተውኝ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ግጥሙ እቤታችን አልተነበበም።

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ አንድ መነኩሴ መጥቶ አባቴን ደጅ አነጋገረው። ሳሙኤልን ወባ ገድሎት፣ እዚያው ተቀብሯል። አባቴ ገብቶ ነገረንና፣ የመነኮሰ ዕለት ፍትሐት ተፈትቶለታል፣ ሁለት ጊዜ አይሞትም፣ አይለቀስም አለ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡትን ጎረቤቶች ከበር አመስግኖ መለሳቸው። እናቴ መኝታዋን ወደ ማድ ቤት አዛወረች። ገብሱ ታጭዶ እስኪወቃ ድረስ፣ ምግቡን በእኔ እጅ ትልክለት ነበር እንጂ ቃል አልተነፈሰችለትም።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ናት። ያን ጊዜ ለገዛ ልጇ እንባ የተከለከለች ሴት፣ ዛሬ በሰፈሩ ድንኳን በተተከለ ቁጥር፣ ሟቹን አወቀችው አላወቀችው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለቅሶው ባለቤቶች እኩል ደረቷን ትደቃለች። ሰዎቹ ዘመድ ትመስላቸዋለች። ሲመሽ ሄጄ፣ ክንዷን ይዤ፣ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳልጠይቃት ወደ ቤት አመጣታለሁ።