የአውራ ጣቱ ጥፍር

ከዚራ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዓመት ፀጉር ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሱቋን ዘግታ ጥላ ስትፈልግ እኔም በሬን ገርበብ አድርጌ ቬንትሌተሩን ወደ አግዳሚ ወንበሩ አዞራለሁ። ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ጊዜ በዚህች ከተማ ፀጉሩን ሊቆረጥ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ከቤቱ ሰው የተጣላ ነው። ጫት የሚቅመው በርጫው ላይ ነው፣ የማይቅመው አንቀላፍቷል። እኔ ቤት ግን ያ ሰዓት የጊታር ሰዓት ነው።

የሚጫወተው ጎረቤቴ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል፤ ከጧት ፈረቃ ሲወጣ ምሳውን በልቶ ጊታሩን ይዞ ይመጣል። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባቱ ትቶላቸው ከሄደው የካሴት ሳጥን ውስጥ ነው ያንን ሙዚቃ በልጅነቱ ያገኘው። ራግታይም ይባላል። ጃዝ ገና ጃዝ ሳይባል በፊት ጥቁር አሜሪካውያን በፒያኖ ይጫወቱት የነበረ ነገር ነው ብሎ አስረድቶኛል። እሱ ፒያኖ ከየት ያምጣ? ያለ አስተማሪ፣ ካሴቱን እየመለሰ እየሰማ፣ ሁሉንም በስድስት ክር ላይ አወረደው። መምቻ አይዝም። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እየረገጠ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላዩ ዜማውን ይለቅማሉ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሁለተኛው ተጫዋች የት አለ ብዬ ከበሩ ጀርባ አይቻለሁ።

ሁልጊዜ የማይቀሩ ሁለት አድማጮች ነበሩን። አንዱ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት፣ ብዙ ሰው ተኝተው ይመስለዋል። ሌላዋ ከመጋላ ሰፈር እየመጣች ሱቄ በር ላይ ሳንቡሳ የምትሸጥ ሴት ናት። አንድ ዜማ ባለቀ ቁጥር ጣቶቹን ዓይን እንዳይበላቸው «ማሻአላህ» ትላለች። ሳትል ከቀረች እሱ ራሱ ቀና ብሎ ያያታል።

ነጂው አንድ ቀን ጉዳዩን እንዲህ አስረዱን፦ «አውራ ጣቱ ሐዲዱ ነው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ናቸው። ተሳፋሪው ቢጨፍርም ባቡሩ ከሐዲዱ አይወጣም፣ ገባችሁ አቦ?» ከዚያ ወዲህ እኔም ለማንም ሳስረዳ የራሴ ሐሳብ አስመስዬ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ችግሩ ጭብጨባ ነበር። እኛ ዘፈን ስንወድ እጃችን አርፎ አይቀመጥም። የሱ ዜማ ደግሞ የሚወድቀው በጭብጨባው ላይ ሳይሆን በጭብጨባው መሀል ነው። ስለዚህ ሰው በወደደው መጠን ያጠፋበታል፤ እሱ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት እንደ ምንም ሊከተላቸው ይሞክርና መንገዱ ይጠፋዋል። እኔ ይሉኝታ የሚባል ነገር ብዙም አልፈጠረብኝም። ካርቶን ቀድጄ «ጊታር ሲመታ ማጨብጨብ ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩና መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ፊቱ አረፋ የለበሰ ሰው ሳይቀር እንዲያነበው ነው። ራሴን የቤቱ ዋና አድማጭ፣ የሙዚቃው ዘበኛ አድርጌ ሾምኩ። ከኔ በላይ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።

የድምፁ ምስጢር ግን ጥፍሩ ነበር። የቀኝ እጁን ጥፍሮች ያሳድጋል፤ በተለይ የአውራ ጣቱን። በአንድ ትሪ ለምንበላ ሰዎች የቀኝ እጅ ጥፍር ማሳደግ ነውር ነው፤ ይህን ስለሚያውቅ ከሰው ጋር ሲቀርብ በማንኪያ ነው የሚበላው። ሴት ልጁ «የአባቴ ጉርሻ ብረት ብረት ይላል» እያለች ትቀልድበት ነበር። ሰፈሩ በበኩሉ ጥፍሩን ይጠብቅለታል። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ሲጎተት እሱን ማንም አያስነካውም። የሱቄን ጓጉንቸር ቁልፍ እንዲከፍት አንድ ጊዜ እንኳ ልኬው አላውቅም። ሳንቡሳ ሻጯ ብርቱካኑን ልጣ ነው የምትሰጠው። አንድ ግዙፍ ሰው፣ አግብቶ የወለደ፣ በየመንገዱ እንደ ሙሽራ ሲንከባከቡት ማየት ያስቅ ነበር።

ያቺው ልጁ ልታገባ ሆነ። ከአባቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባንዱ ከመጀመሩ በፊት ድንኳኑ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት አንድ ዜማ እንዲጫወትላት። እሺ አላት፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ። በሕይወቱ የኔን አግዳሚ ወንበር ከሚሞላ ሰው በበለጠ ሰው ፊት ተጫውቶ አያውቅም። ለሦስት ወር ያንኑ ዜማ ሲመላልሰው እኔ በህልሜ ሁሉ ሰማሁት። አንድ ቀን ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ «ልጄን በባሏ ዘመዶች ፊት ባሳፍራትስ?» አለኝ። እኔ እያለሁ ምን ትሆናለህ አልኩት። ይህን ያልኩበትን አፌን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

የሰርጉ ዋዜማ መጣ። እኔ ጋ የቆየ ልማድ አለ፦ የሰርግ ቤት ወንዶችን አሳምሬ ስጨርስ ሳልጠየቅ ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ። ሙሽራውን፣ ሚዜዎቹን፣ አባቶችን። የኔ ምርቃት እሱ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሠርቼዋለሁ፤ እጄ ከኔ ተለይቶ የሚያውቀው ሥራ ሆኗል።

ጎረቤቴ ሲገባ የደከመ ሰው ነበር። ድንኳን ሲያስተክል፣ በሬ ሲገዛ፣ ወንበር ሲያስቆጥር ውሎ ነው። ፀጉሩን ቆረጥኩት፣ ጢሙን ላጨሁት፤ ትኩስ ፎጣ ፊቱ ላይ ሳለብሰው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። እኔና ነጂው ደግሞ ነገር ይዘናል። ድንኳኑ በሩን ወደ የት ማድረግ ነበረበት በሚል። ፀሐዩ በዚህ ይመጣል፣ የለም በዚያ ይመጣል። እኔ ስከራከር ዓይኔ ከምከራከረው ሰው ላይ አይነሳም፤ ከታች እጄ የሚሠራውን አላይም።

ጥፍር መቁረጫው ቀጭ አለ። ሁለተኛ ቀጭ አለ። ነጂው ክርክራቸውን አቋርጠው ተነሱ፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። ዝቅ ብዬ አየሁ። ልማዴ ከቀኝ እጅ አውራ ጣት መጀመር ነው። የአውራ ጣቱም የጠቋሚውም ጥፍር ወለሉ ላይ፣ ከፀጉሩ መሀል ወድቀዋል።

ያን ያህል የረዘመ ጥፍር እንዴት አልታየህም ትሉ ይሆናል። የሰርግ እጅ አያይም፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ይኸው ሰፈሩ በሙሉ ከጀሪካንና ከቁልፍ ሲጠብቀው የኖረውን ጥፍር ዋናው ዘበኛ ቆረጠው። ሳንቡሳ ሻጯ ስንት ጊዜ ዓይን እንዳይበላው ብላለታለች፤ ከኔ እጅ ግን ማን ይጠብቀው?

ፎጣውን አንስቶ እጁን አየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ።

«ነገ እኮ ነው» አለኝ፤ በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ከዚያ አመስግኖኝ ወጣ። ማመስገኑ ከሁሉ ባሰብኝ።

ሱቁን ለነጂው ትቼ በባጃጅ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ሄድኩ። የሴቶች ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን አላውቅም። አንድ ሱቅ ውስጥ ገብቼ ጣቴን እያሳየሁ ነገርኳት። ሻጯ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለኔ ነው አልኳት፤ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ሽበቴን አየችና ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ሳቀች። የቀረው ሮዝ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ብቻ ነው። እሱኑ ይዤ መጥቼ ብልጭታውን በምላጭ ፋቅሁት፣ ቅርጹንም ሞረድኩት። ቤቱ ሄጄ በማጣበቂያ ለጠፍኩለት። ሞከረው። ድምፁ ትንሽ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ግን ይሰማል። ሁለታችንም ደህና ነው ተባባልን። ሁለታችንም አላመንንም።

በማግስቱ ምሳ ተበልቶ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ወንበር ወጣለት። ድንኳኑ ጢም ብሏል። እኔ፣ ነጂውና ሳንቡሳ ሻጯ በሦስት ማዕዘን ቆመናል፤ የሚያጨበጭብ ካለ እንዲያስቆሙ እኔ ነኝ የመደብኳቸው። ጀመረ። ገና አንዱን ዙር ሳይጨርስ የሙሽራው አክስቶች ደስ ብሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። በዓይኔ ገላመጥኳቸው፣ በእጄ ከለከልኳቸው፤ እነሱ አይዟችሁ ያልኳቸው መስሏቸው ባሱ። ጎረቤቴ ላብ አጠመቀው። ጭብጨባውን ሊከተል አውራ ጣቱን ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ ያ የታይዋን ጥፍር ተፈናጥሮ ሄዶ የሰርጉ ኬክ ላይ ወደቀ።

ቆመ። ሰው ዜማው ያለቀ መስሎት እልልታውን አቀለጠው። ከልባቸው ነበር፤ ደግ ሰዎች ናቸው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ እጁን ያያል፤ ጊታሩን ሊያስቀምጥ እንደሆነ አወቅሁ። ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሙሽራዋ ተነሳች። ሚዜዎቿ ሊይዟት ሞከሩ፤ ቬሏን ሰብስባ ወደ አባቷ ሄደች፣ ፊቱም ተንበረከከች። ቀኝ እጁን ይዛ በጠቋሚ ጣቱ ላይ የቀረውን ሐሰተኛ ጥፍር ቀስ ብላ ላጠችው። ማይክራፎኑ ቅርብ ስለነበር ያለችውን ሁላችንም ሰማን።

«አባዬ፣ በጣትህ ሥጋ ተጫወትልኝ። እኔ ስተኛበት የኖርኩት እሱ ነው።»

ነገሩን እናቷ በኋላ ነገረችኝ። ልጅቷ ጨቅላ ሳለች ጥፍሩ ጉንጯን ጫረው፤ በዚያው ቀን ሁሉንም ቆረጠ። እናቷ ማታ ማታ ፈረቃ ስትገባ ልጅቷን የሚያስተኛት በጊታር ነበር፤ በጣቱ ሥጋ፣ ጎረቤት እንኳ የማይሰማው ድምፅ። ጥፍሩን መልሶ ያሳደገው ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። እኔ ያኔ ሰፈሩ ውስጥ ነበርኩ፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ አልሰማሁም። ዋና አድማጭ ነኝ ስል ኖሬ ዋናዋ አድማጭ ከኔ በፊት ስንት ዓመት ሰምታ ጨርሳለች።

ከመጀመሪያው ጀመረ። የቀሩት ጥፍሮች ክሩን እንዳይነኩ ጣቶቹን አጋድሞ፣ በሥጋው ብቻ። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ሆነ፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ለመስማት ሰው ትንፋሹን መያዝ ነበረበት። ያዘ። እኔ እጄን አላነሳሁም፣ ማንንም አልገላመጥኩም። አክስቶቹ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው አንገታቸውን ወደ ፊት አሰገጉ። የወጥ ቤት ሴቶች ጭልፋ እንደያዙ በድንኳኑ ጫፍ ቆሙ። ነጂው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከፍተው ሰሙ። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ሲጨርስ ሳንቡሳ ሻጯ ከማዕዘኗ «ማሻአላህ» አለች፤ ከዚያ ድንኳኑ ተናጋ። ልጅቷ ግን ከአባቷ ፊት አልተነሳችም፤ አፏን ከፍታ ጠበቀች። ትሪ ቀረበ። አንድ ሰው ከልማድ የተነሳ ማንኪያ አቀበለው። አላየውም። እጁን ታጠበና በእጁ ጠቅልሎ አጎረሳት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛም አስደገመችው።

ካርቶኑን ከመስታወቱ ላይ በማግስቱ አወረድኩት። አክስቶቹ እንዳሳዩኝ ከሆነ ሰው መቼ ዝም እንደሚል ራሱ ያውቃል።

ጎረቤቴ ለሁለት ሳምንት አልመጣም። ተቀይሞኛል ብዬ ደጃፉን በሌላ መንገድ እየዞርኩ አልፍ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በጊታር ሰዓት ገባ፤ ነጂው አግዳሚው ላይ ነበሩ፣ ሳንቡሳ ሻጯ በሩ ላይ። ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን መደገፊያው ላይ ዘረጋ። ጥፍሮቹ ማደግ ጀምረዋል።

«ቁረጥ» አለኝ።

ጥፍር መቁረጫውን አነሳሁ። በዚህኛው ጊዜ ማንንም አላነጋገርኩም፣ ዓይኔንም ከጣቱ ላይ አላነሳሁም፤ ከትንሿ ጣት ጀመርኩ።