የዳግዱ አንድ ሩፒ

በሶላፑር ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ኦቾሎኒ የሚሸጠው ሰውዬ ዳግዱ ይባላል። ፈንጣጣ ዓይኑን የወሰደበት ገና በልጅነቱ ነው። ሚስት አላገባም፤ የሚኖረው ከታናሽ ወንድሙ ከአምባዳስ ቤተሰብ ጋር ነው። የኦቾሎኒውን ቅርጫት ይዞ መናኸሪያ መዋል ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን «የስንት ነው የሰጠኸኝ?» ብሎ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ኩራቱ ይቺው ነበረች።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ባለ ሁለቱ ሩፒ ሳንቲም ዙሪያውን ማዕዘን ስለነበረው አውራ ጣት ሲያዞረው ይቆረቁራል። ባለ አንዱ ክብ ነው። ባለ አምስቱ ደግሞ ወፍራምና ከባድ ስለነበር ሕፃንም አይስተው። የአውቶቡስ ረዳቶች ሊያሞኙት ፈልገው ክብ ቆርቆሮ ሲያቀብሉት፣ «ይሄንን ለአማትህ ስጣት» እያለ ይመልስላቸዋል፤ መናኸሪያው በሙሉ ይስቃል።

ከዚያ የሳንቲሙን መልክ የሚቀያይሩት የመንግሥት ሰዎች ተነሡ። ምን እንደነካቸው እንጃ። መጀመሪያ የባለ ሁለቱን ማዕዘን አስወግደው ክብ አደረጉት፤ ሰፊ ስለነበር ዳግዱ እየተነጫነጨም ቢሆን ለመደው። ቀጥለው የእጅ ጣት ቀረጹበት፤ ባንዱ ላይ አንድ ጣት፣ በሁለቱ ላይ ሁለት ጣት። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲለየው ነው ተባለ። ማየት የማይችለውን ማን ያስታውሰው! በመጨረሻ ሁሉንም አሳነሷቸውና አዲሱ ባለ ሁለት ከድሮው ባለ አንድ ጋር እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ስፋቱ ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት ድምፁ ሳይቀር ያው። የድሮውም ስላልተሰበሰበ ሁለቱ አንድ ኪስ ውስጥ ይንጋጋሉ። ንድፉን የሠራው ሰው አንድ ቀን ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ኦቾሎኒ ቢሸጥ ምን ነበረበት?

ዳግዱ ግን እጅ አልሰጥም አለ። በድሮው ባለ አንድ ላይ የእህል ዛላ አለ፤ እሷን በጥፍሩ እየፈለገ መለየት ጀመረ። ዛላዋ በአገልግሎት ብዛት ስታልቅ ደግሞ ጥፍሩ ባዶ ብረት ይፍቃል። አንድ ቀን አንዲት መንገደኛ ሁለት ሰጥቼው በአንድ ቆጠረብኝ ብላ በሰው ፊት ሌባ አለችው። ያን ቀን ማንም አልሳቀም፤ እሱ ደግሞ ቢሳቅበት በመረጠ ነበር።

ወሬው ቤት ቀድሞት ገባ። የአምባዳስ ሚስት ኩሱም ሩዝ እያቀረበችለት፣ «ዳዳ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ቤት ይቀመጡ። ምን አነሰብዎት?» አለችው።

«ጣቴ ገንዘብ እስካወቀ ድረስ እኔም ሰው ነኝ፤ ተይኝ» አላት።

አምባዳስ በመሀል ገብቶ፣ የልጃቸው የማንጂሪ ሠርግ ይለፍና እንነጋገርበታለን ብሎ አበረዳቸው። ዳግዱ ይቺን «እንነጋገርበታለን» በደንብ ያውቃታል። ቅርጫቱ ተሰቅሎ ይቀራል ማለት ነው።

ሙሽራዋን ማንጂሪን በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ለእሷ የሚሰጠውን አምስት መቶ አንድ ሩፒ ሲያጠራቅም ከርሟል። በዚያ አገር የሠርግ ስጦታ በአንድ ማለቅ አለበት፤ ለሁለት እኩል የሚካፈል ገንዘብ ትዳር ይከፍላል ይባላል። ስለዚህ አንዷ ሩፒ ፖስታው ላይ ሁሉ እንዲያያት ትለጠፋለች። ኩሱም ልለጥፍልዎት ብትለው ተቆጣ። እንዲህ ያለውን ነገርማ በሰው እጅ አያሠራም። ሳንቲሞቹን ጭኑ ላይ በትኖ አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ በጥፍሩ ፋቀ፣ አንዷን መረጠ፤ ዛላዋንም ያገኘ መሰለው። ከዚያ በሙጫ ለጥፎ እስኪደርቅ በመዳፉ ተጭኖ ቆየ።

የሠርጉ ዕለት ስጦታ የሚያስነግረው ሰውዬ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የእያንዳንዱን ስምና ገንዘብ ይለፍፋል። ዳግዱ ፖስታውን በገዛ እጁ አቀበለውና አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ።

«የሙሽሪት አጎት፣ ዳግዱ ካካ፣ አምስት መቶ ሁለት ሩፒ።»

ሰውዬው ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው የደነገጠው። በሙሽራው ወገን ሹክሹክታው ተነሣ። የሙሽራው አክስት ብድግ ብላ ሄደች፤ ሳንቲሙን በጥፍሯ ፈልቅቃ ከገዛ ቦርሳዋ ባለ አንድ ለጠፈች።

«ምንም አይደል» አለች፣ ማጉያው ድምፅዋን እየጎተተ። «ምስኪን፣ ዓይነ ስውር ነው፤ አይፈረድበትም።»

ማንጂሪ ከነአበባ ጉንጉኗ ከመድረክ ወርዳ የተነሣውን ሳንቲም መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«ካካ፣ አጎቴ፣ እኔ ግድ የለኝም» አለችው።

እሱ አልሰማትም። ሳንቲሙን በአውራ ጣቱ አዞረው፣ በጥፍሩ ፋቀው፣ በመዳፉ መዘነው።

«አንድ ነው» አላት። «ማንጂሪ፣ በአባትሽ ሞት፣ አንድ ነው።»

እሷም ቁጥሩን እያየች ዝም አለች። ሌባ ያለችው የመንገደኛዋ ስድብ እንኳ እንደዚህ ዝምታ አላመመውም።

በማግስቱ ኩሱምም አምባዳስም ምንም አላነሡም። ቅርጫቱን ይዞ ሲወጣ አልከለከሉትም፤ ይህም ራሱ አናደደው። መናኸሪያው ደርሶ ኦቾሎኒውን ገና ሳይገልጠው፣ ሌባ በተባለ ቀን የተሟገተለት ደንበኛው፣ ወደ ባርሺ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ሹፌር፣ እንደ ልማዱ ሳንቲም መዳፉ ላይ ጣል አደረገለት። ዳግዱ አዞረው። ፋቀው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ የመጣ ነውና ቸኩሏል።

«የስንት ነው የሰጠኸኝ?» አለው ዳግዱ።

ሹፌሩ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሁለት ነው፣ ካካ» አለው።

ዳግዱም አመነው፤ ሌላ ምን ይችላል።