ታሂር የቆመበት ቦታ

ሰላሁዲን ፎቶ ሲያነሳ "ቀና በል፣ ትከሻህን ዝቅ አድርግ፣ አትተንፍስ" ይላል። ለጉርድ ፎቶ መተንፈስ የሚከለከልበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቆቦ ውስጥ መታወቂያ ካወጣው ሰው ግማሹ ትንፋሹን ውጦ የተነሳ ነው፤ ሁሉም መታወቂያው ላይ የተቆጣ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የእሱ ፎቶ ቤትና የእኔ ልብስ ስፌት ቤት የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው። እንዳለው እባላለሁ፤ አሥራ አራት ዓመት ጎረቤቱ ሆኛለሁ። እሱ ሲያስነጥሰው እኔ "ይማርህ" እላለሁ፤ የእኔ መኪና ክር ሲበጥስ እሱ ከወዲያ ሆኖ ይስቅብኛል። ደንበኞቹ የሚያወሩትን ሁሉ ሳልፈልግም እሰማለሁ። ምነው ባልሰማሁ ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው።

የሰላሁዲን እንጀራ ከሰው ፊት ነው፤ ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከጎሊና ወንዝ ሞልቶ የተረፈው ውሃ ሜዳው ላይ ይተኛና ሐይቅ ይሆናል። ካርታ ላይ ስም የለውም፤ ጥር ላይ ደርቆ ከብት ይሰማራበታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ግን ሐይቅ ነው፤ ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ አምነውበት ይመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ዞብል ተራራ ላይ ጥቁር ደመና ይቆለላል። ፀሐይ በምዕራቡ ተራራ ልትገባ ስትል ብርሃኗ ከደመናው ሥር ይገባና ሰማዩም ውሃውም አብረው ይቀላሉ። ይህን የምለው ፎቶውን አይቼ ነው። እኔ አንድ ቀን ብቻ አብሬው ሄጄ ጫማዬን ጭቃ፣ አንገቴን ትንኝ በልቶት ተመልሻለሁ።

ሰላሁዲን ግን በጥቢ ወራት ደመና ካየ የሚያስቆመው የለም። አንዲት ሙሽራ ወንበር ላይ አስቀምጦ "መጣሁ" ብሎ ሞተሩን አስነስቶ የጠፋበት ቀን አለ። ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ኩሏ ሲወርድ በቁራጭ ጨርቅ የጠረግኩላት እኔ ነኝ። ሚስቱ ፈሪሀ "ሁለተኛ ሚስት ቢያገባ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ በተራዬ ቤቱ ይገባል" ትላለች። ስትለው ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ብዙም የሳቅ አይደለም።

ታሂር ሐይቁ ዳር የሚያርስ ገበሬ ነበር። የተዋወቁት የሰላሁዲን ሞተር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ታሂር በበሬ ጎትቶ ባወጣለት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላሁዲን በሄደ ቁጥር ታሂር ማጭዱን አስቀምጦ አብሮት ይቆማል። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላውን ካሜራው ላይ ይይዛል፤ ራሱ ይበሰብሳል። ጥቢ ደግሞ ጤፍ ለአጨዳ የሚደርስበት ነው፤ ለገበሬ የዚያን ጊዜ ዝናብ ጠላት ነው።

"አንተ ደመና ትለምናለህ፣ እኔ ፀሐይ እለምናለሁ" ይለዋል ታሂር። "አላህ የማናችንን ይስማ?"

"ያንተን ይስማ። ግን እኔ ሁለት ፎቶ ካነሳሁ በኋላ።"

አምስት ጥቢ እንዲህ አለፈ። በአምስቱም ዓመት ሰላሁዲን ታሂርን አንድ ጊዜ አላነሳውም። ታሂር ሳያውቅ ካሜራው ፊት ሲገባ "ታሂርዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ… ገና… ገና…" እያለ ያስወጣዋል። ታሂርም እየሳቀ ይወጣል። አንድ ገበያ ቀን ለእኔ "ከሰማዩ ጋር የተጣላሁ ይመስል አብሬው እንዳልነሳ ከለከለኝ እኮ" ብሎኛል። ቀልድ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።

አምና ጥቅምት ላይ ታሂር ፎቶ ቤቱ መጣ። በሬ ከጎርፍ ሲያወጣ ኪሱ ውስጥ የነበረው መታወቂያ ርሶ ፊቱ ነጭ ሆኖበታል። ያለው ፎቶ ያ ብቻ ነበርና አዲስ ጉርድ ያስፈልገዋል። ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሰላሁዲን ሌላ ሰው እያነሳ ስለነበር እኔ ጋ ገብቶ ተቀመጠ። የአንገትጌው ቁልፍ ላልታ ተንጠልጥላለች፤ ሸሚዙን ሳላስወልቀው በመርፌ አጠበቅኩለት።

"እንዳለው፣ ሸጋ ሆኛለሁ?"

"ለመታወቂያ በዝቶብሃል" አልኩት።

በዚህ መሃል ሰላሁዲን በሩ ላይ ወጥቶ ወደ ዞብል አየ። ደመናው ተቆልሎ ሆዱ ጠቁሯል። "ታሂርዬ፣ ተነስ እንሂድ!"

"አቦ፣ ጉርዱስ?"

"እዚያው አነሳሃለሁ። ከፈለግህ ከነሐይቁ!"

ታሂር ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀና ከሞተሩ ኋላ ተፈናጠጠ።

የሆነውን ሰላሁዲን በማግሥቱ ነገረኝ። እንደዚያ ያለ ሰማይ አይቶ አያውቅም። ግማሹ መብረቅ፣ ግማሹ ፀሐይ። በሙሉ ያነሳው ሰማዩን ነበር፤ በመጨረሻ ግን ቃሉ ትዝ አለውና "እሺ፣ ቁም" አለው። ታሂር ውሃው ዳር ሄዶ ቆመ፤ ትንፋሹንም ያዘ። "እዚህስ ተንፍስ" ሲለው ሳቁ አመለጠው፤ በዚያች ቅጽበት አነሳው። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ጉርዱን ሰኞ ይነሳ ተባብለው ተለያዩ።

ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። እኔ ስለ ፎቶ የማውቀው ነገር የለም፤ ግን አፌን ይዤ ቆምኩ። ሰላሁዲን ከኋላዬ እየተንጎራደደ "ባነር አሳትመዋለሁ፤ ለጥር ሙሽሮች" ይላል። እስከዚያ ድረስ ሙሽሮች የሚቆሙት የት አገር እንደሆነ በማናውቀው ፏፏቴ ፊት ነበር።

ይህቺን አፌን ያኔ ቆልፌያት ቢሆን ምን ነበረበት።

"ሸጋ ነው" አልኩ። "ግን ይኼ ሰውዬ መሃል ላይ ተገትሮ ሙሽሮቹን የት ልታቆማቸው ነው? ከኋላቸው እያሾለቀ ሊስቅባቸው?"

ሁለታችንም ሳቅን። "እውነትክን ነው" አለና ተቀመጠ። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። እጁ የሠለጠነ ነው፤ ታሂርን ከፎቶው ለማውጣት አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ሸሚዙን፣ መጨረሻ ላይ ሳቁን በውሃ ሸፈነው። ከዚያ እዚያው ፋይል ላይ፣ በመጀመሪያው ፎቶ ቦታ፣ ሴቭ አደረገው። የካሜራውን ሚሞሪም ለቅዳሜ ሰርግ ባዶ አደረገ፤ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። ታሂር ሰኞ ይመጣል፣ ሲፈልግ ከነጎረምሳ ሳቁ ይነሳል። ማን ምን አሰበ?

ባነሩ ወልዲያ ታትሞ ሲመጣ ጠርዙን የቀመቀምኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳና ገመድ ሠርቼለት ሁለታችን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው።

ሰኞ ታሂር አልመጣም። ወባ ይዞት ነበር። ጤና ጣቢያ ሲያደርሱት ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት ኖሮ ሳምንት ሳይቆይ ሞተ። ሰላሁዲን "በየምሽቱ ትንኝ መሃል ያቆምኩት እኔ ነኝ" ይላል። ሰውየው ቤቱ እዚያው ነው፣ ትንኝ አንተ እስክትመጣ አይጠብቅም እለዋለሁ። ይሰማኛል፤ አይቀበለኝም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄድን። ሚስቱ ሰይዳ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠን፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ልንወጣ ስንል ከቤቱ በር ላይ ሆና ሰላሁዲንን ጠራችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

"ይኼ በሆዴ ያለው አባቱን አያውቅም" አለችው። "የማሳየው አንድ ነገር የለኝም፤ መታወቂያውንም ውሃ በላው። የእሱ ፎቶ አንተ ጋ አለ እንዴ?"

"እታለም፣ ወላ…" ብሎ ጀመረና መሐላውን ዋጠው። መሬት መሬት እያየ "አላነሳሁትም" አላት።

"አንድም?"

"አንድም።"

ቀና ብላ አየችው። የጠበቀችው መልስ እንዳልሆነ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ያኔ ግን ከሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት። "እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ" ብላ ገባች።

ስንመለስ ሞተሩ ላይ እንዳለን "አንስቼው ነበር፣ ግን አጠፋሁት ብዬ እንዴት ልንገራት?" ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው አልኩት። ጨርሶ አልተነሳም ቢባል ይቀልላታል ብዬ ነበር። ለእሷ ይቀልላታል ያልነው ነገር ለእኛ የቀለለን መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ፎቶው ይመለስ እንደሆነ ብሎ ኮምፒውተሩን ይዞ ደሴ ድረስ ሄዷል። እዚያ ያለ ባለሙያ ሁለት ቀን አገላብጦ አይሆንም አለው። ከዚያ ወዲህ ሰላሁዲን ሐይቁ ሄዶ አያውቅም። ዘንድሮ መስከረም ዞብል ላይ ደመና ሲቆለል በሩን ዘግቶ ጉርድ ሲቆርጥ ይውላል። ፈሪሀ እንኳ "ኧረ ተወው፣ ይሂድ" ብላ እኔን አማላጅ አድርጋ ልካኛለች።

ባለፈው ጥቅምት ሰይዳ መጣች። ልጁን ሙንተሲር ብላዋለች፤ ዘጠኝ ወሩ ነው። በታሂር አባት ስም የነበረው መሬት ወደ ልጁ ሊዞር ስለሆነ እናትየው ሁለት ጉርድ ፎቶ ታምጣ ተብላለች። ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር፤ ከቆርቆሮው ማዶ ድምጿን ስሰማ መኪናውን አቆምኩ።

"ቀና በይ" አለ ሰላሁዲን። "ትከሻሽን ዝቅ…" አትተንፍሺ አላለም።

አነሳት። ልጁን ልታዝል ስትዞር ባነሩን አየች መሰለኝ።

"ይኼ የኛ ውሃ ነው አይደል?"

"ነው።"

"ያ ግራሩም አለ። የኛ ማሳ እኮ ነው። መቼ ያነሳኸው ነው?"

ሰላሁዲን ካሜራውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ታሂር የቆመበትን፣ የሳቀበትን፣ ለሙሽሮች ብሎ ያጠፋውን፣ ለቅሶ ላይ የዋሸውን። "አጥፋው" ያለውን ሰው ግን አልጠራም። ስሜ እስኪመጣ መርፌ በእጄ ይዤ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ትጮህበታለች ብዬ ነበር። ብትጮህበት ይሻል ነበር።

"ያን ቀን በስብሶ ገባ" አለች ቀስ ብላ። "'ሰላሁዲን ዛሬ አነሳኝ፣ ስስቅ ነው ያነሳኝ' አለኝ። 'ይኼ ሲወለድ እናሳየዋለን' ብሎ ሆዴን ነካው። አንተ አንድም ስትለኝ፣ ወላሂ፣ አንተን አልጠረጠርኩም። ሰው ለቅሶ ቤት ቆሞ ምን ያስዋሸዋል? ደስ ይበላት ብሎ የዋሸኝ እሱ ነው አልኩ። አንዱን ከጠረጠርኩ በኋላ ደግሞ ሌላውም መጣ። ገበያ ነበርኩ ያለኝን፣ እወድሻለሁ ያለኝን፣ ሁሉን አንድ ባንድ እያነሳሁ ይኼስ እውነት ነበር ወይ እላለሁ። አሥራ አንድ ወር የሞተ ባሌን ውሸታም አድርጌ ዱዓ ሳደርግለት ከረምኩ።"

ወደ ባነሩ ዞረች መሰለኝ።

"የት ጋ ነበር የቆመው?"

ቆርቆሮው ላይ የሚስማር ቀዳዳ አለ፤ ዓይኔን አስጠጋሁ። ሰላሁዲን በጣቱ አሳያት። ውሃው ብቻ ነው ያለው፤ እንዳልኩት እጁ የሠለጠነ ነው። ሰይዳ ቀርባ መዳፏን ቦታው ላይ አሳረፈች።

"ታሂር" አለች፣ "አፉ በለኝ።"

እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው። ከቆርቆሮው ወዲህና ወዲያ ያለነው ሁለት ወንዶች አይደለንም።

ስትወጣ በእኔ በር በኩል አለፈች። ልጁ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። ቆም ብላ "እንዳለው፣ ደህና ዋልክ?" አለችኝ።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን 'የሸሚዜን ቁልፍ እንዳለው አጠበቀልኝ፣ ሸጋ ሆነሃል አለኝ' ብሎኝ ነበር። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ በራ። ሌላውን አልነገርኳትም።